ሽማግሌ ልኬ ማርሽ ተላከልኝ

ሚስት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር ይጠየቃል። አገርህ የት ነው ይባላል፣ አባትህ ማን ነው ይባላል፣ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ተዘጋጅቼ ነበር። አያቶቼንና ቅድመ አያቶቼን እንደ ዳዊት በቃሌ አጥንቻለሁ። የሰባተኛዋን ስም እናቴም ስለማታውቀው ከራሴ ጨምሬ «ወለተ ማርያም» ብያታለሁ፤ በዚያ ዘመን ወለተ ማርያም ያልተባለች ሴት ካለች ትውቀሰኝ። ያልተዘጋጀሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል ማርሹ ለምን ወደ ታች አልገባ እንዳለ እጠየቃለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም።

ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የቴክኒክ ንድፍ አስተምራለሁ። ንድፍ ማለት በእርሳስና በማስመሪያ ነው። ባለ ጥርስ ማርሽ ሣል በሉኝ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ተቆርጦ ሲታይ፣ ሁሉንም አሳምሬ እሥላለሁ። ታዲያ እውነተኛ ማርሽ በእጄ ነክቼ አላውቅም። የብስክሌቴ ካቴና ሲወልቅ እንኳ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው የሚመልስልኝ። ሰውዬው እንዳይታዘበኝ «ቸኩዬ ነው እንጂ እኔው አደርገው ነበር» እለዋለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ «እሺ መምህር» ይለኛል።

መቅደስ ፋርማሲስት ናት። ለሁለት ዓመት ያህል ራሴን ሳያመኝ የራስ ምታት ክኒን እየገዛሁ ነው የተግባባነው። አባቷ ጋሽ ደሳለኝ ዓባይ ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ነገሩ ሲበስል ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አከራዬ አቶ ገበየሁ ነበሩ። አቶ ገበየሁ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ክፉ አመል ብቻ አለባቸው፣ አፋቸው ከተከፈተ አይዘጋም። ዶሮ አርደው በሬ ጣልሁ የሚሉ ዓይነት ናቸው።

እንደ ወጉ ቆመው፣ ተቀመጡ ተብለው፣ አንቀመጥም ብለው፣ ከብዙ ልመና በኋላ ተቀመጡ። ጋሽ ደሳለኝ «ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ገበየሁም ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «የሞተር ሐኪም ነው። ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ይፈልጉታል።»

በኋላ «አቶ ገበየሁ፣ ምነው?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ታዲያ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል ብዬ ሚስት ልጠይቅልህ?» አሉኝ። ጋሽ ደሳለኝ እንደ ደንቡ «ከዘመድ ጋር እንምከርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ተመለሱ» ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ «የሞተር ሐኪም» ሲባል የጋሽ ደሳለኝ ዓይን በራ ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። እውነታቸውን ነው፣ በርቷል። ለምን እንደበራ ግን የገባን ኋላ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ አንድ ነገር አጓራ። ስወጣ ጋሽ ደሳለኝ ጋቢ ደርበው፣ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ለአሸዋ ላይ ውድድር የተሠራ ቀይ ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ተቀምጠዋል። ለካ ሐይቁ ዳር የነበረ አንድ ሎጅ ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ እሳቸው ይህን ገዝተዋል። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸውና ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሞተር ሳይነኩ መዋል አልሆነላቸውም። ሞተሩንም እንደ ባጃጅ ሸልመውታል። መሪው ዙሪያ ዘርፍ፣ መስተዋቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ እግር ማሳረፊያው ላይ አበባ አበባ ያለው ወፍራም ምንጣፍ፣ ከኋላ ደግሞ «አልቸኩልም እለፉኝ» የሚል ጽሑፍ። የፋብሪካው ሰዎች ቢያዩት ያለቅሱ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ! ይግቡ እንጂ!» አልሁ። የሽማግሌ መልስ ሳይመጣ አማትን ፊት ለፊት ማየት የት አገር አለ?

«አልገባም። ስለዚያኛው ጉዳይ ቀጠሮ አለን። እኔ የመጣሁት ስለ ማርሹ ነው» አሉ።

«የምን ማርሽ?»

«የዚህ ነዋ! ወደ ላይ ይገባል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ደስ እያለው ይገባልሃል። ወደ ታች ሲሉት ግን እምቢ! በዚህ በወፍራሙ ጫማዬ ደጋግሜ ስረግጠው አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ሙጭጭ ይላል። ጋራዥ ብወስደው ካምቢዮው ከነማርሾቹ ይፈታ አሉኝ። እኔ በሽታው ሳይታወቅ ሆዱን አላስከፍትም። አንተ ደግሞ ሰምተህ ታውቃለህ አሉ። በል ስማው!»

ሞተሩን አስነሡት። ምን ላድርግ፣ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሰማሁት ዱድ ዱድ ዱድ የሚል ድምፅ ነው። በዚያች ደቂቃ «ጋሼ፣ እኔ ሥዕል ነው የማስተምረው» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁላችሁ። እኔ ግን ግንባሬን ቋጠር አድርጌ «እህ…» አልሁ።

«ምን ይላል?»

«ሲቀዘቅዝም መስማት አለብኝ ጋሼ።»

በጣም ደስ አላቸው። «ሐኪም እንዲህ ነው!» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና «የቀጠሯችን ዕለት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይዘኸው ና» ብለው ሞተሩን ትተውልኝ በባጃጅ ሄዱ። ምሳ ሰዓት ላይ መቅደስ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«አባዬ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ማርሹን ካወቀው እሰጠዋለሁ፤ ካላወቀው ሽማግሌዎቹ ዋሽተውኛል ማለት ነው፣ ውሸት ለገባበት ቤት ልጅ አልሰጥም› አለ። አባዬን አታውቀውም፣ ካለ አለ ነው። ሂድና እውነቱን ንገረው!»

«አቶ ገበየሁን በሽምግልናቸው ውሸታም ላሰኛቸው?»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«መካኒክ እሆናለሁ» አልኋት። ስምንት ቀን ነበረኝ። ስልኩን ዘጋችብኝ።

እንግዲህ ሕመሙን በዓይኔ ልይ ብዬ በማግስቱ ይዤው ወጣሁ። አነዳዱን የተማርሁት ከስልኬ ላይ ነው። ግራ እጅ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ይጨብጣል፣ ግራ እግር የማርሹን ዘንግ ከሥር ወደ ላይ ሲያነሣው ማርሽ ይጨምራል፣ ከላይ ወደ ታች ሲረግጠው ይቀንሳል፤ በቃ ይኸው ነው። መጨመሩ እውነትም ጣፋጭ ነው። ሁለት አልሁ፣ ሦስት አልሁ፣ ነፋሱ ሸሚዜን ሲነፋው ጊዜ ልቤም አብሮ ተነፋና አራት አልሁ። የዓባይ ድልድይ መሀል ስደርስ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ቀስ አለ። እኔም ቀስ አልሁና ዘንጉን ወደ ታች ረገጥሁ። እምቢ። ደግሜ ረገጥሁ። እምቢ! ሞተሩ ትክ ትክ ብሎ ታንቆ ጠፋ።

በአራተኛ ማርሽ ቆሞ የሚነሣ ሞተር አላየሁም፣ ይህም አልነሣም። ከኋላዬ የባጃጅ ሰልፍ ተደረደረ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ድልድዩን ገዝተኸዋል እንዴ?» አለኝ። ሌላው ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አንብቦ «በምን በኩል እንለፍህ ታዲያ!» አለ። ቲማቲም የተሸከመች አንዲት ሴት ዘርፉንና አበባውን ከላይ እስከ ታች አየችና «ውይ ሲያምር! ሙሽራዋስ የት አለች?» አለችኝ። እኅቴ፣ ምነው ቁስሌን ነካሽው? ፍሪሲዮኑን እንደጨበጥሁ ሦስት ባጃጅ ነጂዎች እየገፉ ድልድዩን አሻገሩኝ። ጣቶቼ እስከ ማታ አልተዘረጉም።

ብቻዬን እንደማልወጣው ስለገባኝ ሰይድ ጋ ሄድሁ። ሰይድ ከጣና ማዶ የቁንዝላ ልጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ፣ አጎቶቹ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። እሱ ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ኮሌጃችን ማታ ማታ ሲማር እኔ ነኝ ንድፍ ያስተማርሁት፤ ማርክ ላይም አልጨከንሁበትም። ሞተሩን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ታሪኬን ሲሰማ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«መምህር፣ እኔ የማውቀው ማርሽ ሦስት ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ መሀል» አለኝ።

«እኔ ከማውቀው በሦስት ይበልጣል» አልሁት።

ዘይቱ ይሆናል ብለን ዘይት ቀየርን። የወጣው ዘይት ከገባው የተሻለ ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑ ገመድ ረግቦ ይሆናል አልንና ለማጥበቅ ተነሣን። እዚህ ላይ በማን እንደምፈርድ አላውቅም፤ ሰይድ «ወደ ቀኝ አዙር» ብያለሁ ይላል፣ እኔ ወደ ቀኝ አዙሬያለሁ፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለነበር የእሱ ቀኝ የእኔ ቀኝ አልነበረም። ማጥበቅ የነበረብንን አላላነው። ሞተሩን በሁለተኛ ማርሽ ሳስነሣው ፍሪሲዮኑን ጥርሴን ነክሼ ጨብጬዋለሁ፤ እሱ ግን መጨበጤን ከነጭራሹ አልሰማም። ዘሎ ሄደ። ታንኳ ሲያስሩ የነበሩ አንድ አዛውንት «ኧረ በስመ አብ!» ሲሉ ይሰማኛል። ዳር የበቀለውን ደንገል ሰንጥቀን ጣና ውስጥ ገባን። ውሃው ወገቤ ድረስ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ከአጠገቤ ሳይነሣ ዝም ብሎ አየኝ፤ እንደዚያ ቀን በእንስሳ ፊት አፍሬ አላውቅም።

በገመድ ጎትተው አወጡን። የፍሪሲዮኑን ገመድ አስተካከልን፣ አየር ማስገቢያውን አደረቅን፣ ሞተሩ ተነሣ። ማርሹ ግን ከበፊቱ ባሰበት! በፊት አሥር ጊዜ ሲረግጡት አንዴ ይወርድ የነበረው አሁን ሰይድ በሁለት እግሩ ቢቆምበትም አይነቃነቅም።

በዚያ ሳምንት ያልሞከርሁት የለም። ስልክ ላይ አንድ የሩቅ አገር ሰው ካምቢዮ ሲፈታ አየሁ፤ አራት መቶ የሚሆን ዕቃ ጨርቅ ላይ ደርድሮ «ቀላል ነው» ይላል። እኔ ደግሞ የካምቢዮውን ውስጥ በትልቅ ወረቀት ሣልሁት። እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ንድፍ ሠርቼ አላውቅም። ዘንጉን ስረግጥ ማርሹን ገፍቶ የሚያስገባውን ሹካ የሚባለውን ብረት ከሦስት አቅጣጫ አሳየሁት። ሰይድ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አደነቀው። ሞተሩ አላደነቀውም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ሐይቁ ዳር ሣር ላይ ተዘረርሁ። መቅደስን ሳስብ እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም። እንዲህ ያለች ልጅ በአንድ ብረት ምክንያት ልትሄድብኝ ነው! ሰይድ ግን ዓሣ እየበላ ያሰላስል ነበር።

«መምህር፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አለ። «ሐይቅ ገብቶ ሲወጣ ባሰበት። ፀሐይ ላይ ውሎ ዛሬ ተሻለው፤ ጠዋት ሁለት ጊዜ ወርዶልኛል። ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ ብረት አለ እንዴ?»

ብድግ አልሁ። ጫማዬን ትቼ ዘንጉን በእጄ ይዤ ወደ ታች ገፋሁት። ብረት ብረትን ሲመታ ቀጭ ይላል፤ ይህ ግን ወርዶ ወርዶ ትራስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ለስለስ ብሎ ቆመ። መሬት ላይ ተኝቼ ከሥር አየሁት። ከዘንጉ ሥር ያ አበባ አበባ ያለው ምንጣፍ አለ። ምንጣፉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከሥሩ አራት ጣት የሚሞላ ስፖንጅ ተደርጎበታል። ዘንጉ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ የለውም። ካምቢዮው ጤነኛ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው፣ ማርሹ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ጌጡ ነው!

ሰይድን አቅፌ ዘለልሁ። ከዚያ ለመቅደስ ደወልሁ። ስነግራት እልል ትላለች ብዬ ነበር።

«ኧረ ወዮልህ!» አለችኝ። «ያንን ምንጣፍ እኮ አባዬ ነው በእጁ የሰፋው። ከሳሎን ምንጣፍ ላይ ቆርጦ! እማዬ ሳሎኔን አበላሸህብኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። ደግሞ ‹ይህ ነገር እግርህን ይይዝሃል› ስትለው ‹አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ› ብሏት ነበር። አሁን ሄደህ ልክ እሷ ነበረች ልትለው ነው?»

«ምን ይሻለኛል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ንገረው ብዬ አልመክርህም፣ አትንገረው ብዬም አልመክርህም።»

መርማሪ ሆኜ በሽታውን አገኘሁ፤ ግን በሽታው ራሳቸው ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። አማት ሊሆን የሚችል ሰው፣ ያውም መልስ ሳይሰጥ፣ ያውም ሽማግሌ ባለበት፣ ያውም ባለቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ በር ሥር ቆመው እየሰሙ «ጋሼ፣ አጥፊው እርስዎ ነዎት» ይባላል? አፌ እንዴት ብሎ? በምላጭ ከዘንጉ ሥር ያለውን ምንጣፍና ስፖንጅ መዳፍ የምታህል ቆርጬ አወጣሁ። ጠርዙን በቀይ ክር አጥፌ ሰፋሁት፣ ካልተጠጉ አይታይም። ከዚያ ነዳሁት። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ! ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

«ምን ልትላቸው ነው?» አለኝ ሰይድ።

«ሹካው ተጣሞ ነበር፣ ከፍቼ አቃናሁት እላለሁ።»

ሰይድ ንድፌን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ጠቀለለና ሰጠኝ። «ይህን ቢያዩ ያምኑህ ይሆናል» አለኝ።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በባጃጅ ፊት ፊት፣ እኔ በሞተሩ ከኋላ ሆነን ዓባይ ማዶ ገባን። ጋሽ ደሳለኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ተቀምጠውበት ቤታቸውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ማርሹን ያወጡታል፣ ያወርዱታል፣ ያወጡታል፣ ያወርዱታል። ሲመለሱ ፊታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል።

«ወረደ!» አሉ። «ምን ነበር በሽታው?»

ንድፉን ዘረጋሁ። «ጋሼ፣ ይህ ሹካ ይባላል። እሱ ተጣሞ ነው። ካምቢዮውን ከፍቼ፣ አቃንቼ፣ መልሼ ገጠምሁት።»

«ከፈትኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ሦ… አምስት… ግማሽ ቀን» አልሁ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል፤ እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ አፈር ይጭራል። አቶ ገበየሁ በጎን አዩኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጋሽ ደሳለኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። የካምቢዮውን ክዳን ቡሎን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። የደረቀ ጭቃ ረገፈ። ሌላኛውን ፋቅ አደረጉ። እሱም ላይ ጭቃ። ከቡሎኖቹ መፍቻ የነካው አንድም የለም።

«የከፈትኸው በየት በኩል ነው ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አቶ ገበየሁ ሊያድኑኝ ተነሡ። «ጋሽ ደሳለኝ፣ ይህ ልጅ እኮ ሳይፈታ የሚጠግንበት ጥበብ…»

«አቶ ገበየሁ፣ እርስዎ ትንሽ ይቆዩ።»

አልቻልሁም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰስሁት። ሥዕል ነው የማስተምረው አልሁ፣ ማርሽ ነክቼ አላውቅም አልሁ፣ ጣና ውስጥ ከትቼዋለሁ አልሁ፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ አልሁ። «ዘንጉን የያዘው ምንጣፉ ነው ጋሼ። ቆርጬዋለሁ። ግን በጣም የሚያምር ምንጣፍ ነው፣ እግዜር ያሳይዎ!»

ወይዘሮ በላይነሽ ከበሩ ኋላ ወጡ። «ምንጣፉ?» አሉ። «ያ ከሳሎኔ የተቆረጠው?» ቀጥሎ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግቢው እስኪናወጥ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ የተሰጠች መስሏቸው ሊያጨበጭቡ ነበር፤ የእሳቸው እልልታ ግን ለእኔ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው።

ጋሽ ደሳለኝ የሰፋሁትን ጠርዝ ዳሰሱት። መቅደስ በመስኮት ስታየኝ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። እኔም በቃ አለቀልኝ ብዬ ንድፌን መጠቅለል ጀመርሁ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ ከመሬት ሳይነሡ፣ «ረዳት ዋሽቶኛል፣ ጋራዥ ዋሽቶኛል፣ ደላላ ዋሽቶኛል። ሁሉም ዓይኔን እያዩ ነው የዋሹኝ፣ ያወቅሁባቸው ከዓመት በኋላ ነው። ይህ ልጅ ግን ገና አፉን ሳይከፍት ጆሮው በርበሬ መሰለ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ውሸት ለገባበት ቤት ልጄን አልሰጥም ብዬ ነበር። እንዲህ ውሸት እምቢ ለሚለው ሰው ብሰጣት ግን ምን ትሆናለች? ሠርጉ ጥር ይሁን።»

አቶ ገበየሁ አሜን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ደሳለኝ ግን ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው ቀደሟቸው።

«እስከዚያ ድረስ» አሉኝ፣ «ከእኚህ ከአከራይህ ቤት ውጣ። መዋሸት ያስተምሩሃል።»